ማዘርቦርዱ አልተቃጠለም

ሸዋረጋ ኮሌጅ ልትመዘገብ የሄደች ዕለት መዝጋቢው ቀና ብሎ ሳያያት፣ «የልጅዎን የትምህርት ማስረጃ ይዘው መጥተዋል?» ሲል ጠየቃት።

«የራሴን ነው የያዝኩት» አለችው።

ያኔ ቀና አለ። አርባ አምስት ዓመቷ ነበር። ሻሽ አስራ፣ የአሥረኛ ክፍል ካርዷን በላስቲክ ይዛ ቆማለች። መዝጋቢው ካርዱን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ካርዱን አየ።

«የኮምፒውተር ጥገና እኮ ነው ይሄ መስመር» አላት፣ ተሳስታ የተሰለፈች መስሎት።

«አንብቤ ነው የተሰለፍኩት» አለችና ብዕሩን ከፊቱ አንስታ ቅጹን መሙላት ጀመረች።

እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ኮምቦልቻ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል ሠርታለች። ጦርነቱ መጥቶ ሲያልፍ ማሽኖቹ ቆሙ፤ ከቆሙትም ውስጥ ብዙዎቹ ሳይነሱ ቀሩ፤ እሷም ደሴ ቤቷ ገባች። ወንድሟ ጸጋው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ምክር አያልቅበትም። «በዚህ ዕድሜሽ ከሕፃናት ጋር ወንበር ከምትጋፊ፣ በርበሬ አስፈጭተሽ ብትሸጪ አይሻልም?» አላት።

«በርበሬ የሚሸጥ ሞልቷል» አለችው። «ኮምፒውተር የሚጠግን ግን ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ ብትሄድ፣ ግማሹ ጠጋኝ ሳይሆን ለዋጭ ነው። ሁሉንም ‹ተቃጥሏል፣ ይለወጥ› ነው የሚሉት።»

በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎቹ ሳቁባት። በሁለተኛው ዓመት ከክፍል ሲወጡ ከኋላዋ ይሰለፉ ጀመር፤ ምክንያቱም ሌላው የሚሸሸውን እሷ ቤቷ ድረስ ይዛው ገብታ ነበር። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከሰው ገዝታለች። የተጫነበት ማስኬጃ ፕሮግራም ሊኑክስ የሚባለው፣ ተማሪው ሁሉ የሚሸሸው ነው። ሻጩ «ሌላ ልጫንልሽ?» ቢላት እንቢ አለች። በሊኑክስ አንድ ነገር ሲበላሽ ማሽኑ ራሱ የሆነበትን መስመር በመስመር ጽፎ ያስቀምጣል፤ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነው። ሸዋረጋ ይህን ወደደችው። የሚናገር ማሽን ነው፤ የሚሰማው ካገኘ።

ሁለት ዓመቱ አለቀ። ከእንግዲህ የቀረው የሙያ ብቃት ምዘናው ነበር፤ እሱን ያላለፈ ሰው ሥራ ፍለጋ ቢወጣ ማንም አያየውም። ምዘናው ኮምቦልቻ ነው፤ ቀኑም ዓርብ።

ጠዋት ከደሴ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ አብራት የተማረችው ቢልቂስ አጠገቧ ተቀመጠች። ቢልቂስ የቢስቲማ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ደሴ ቤት ተከራይታ ነው የተማረችው። መኪናው ዶሮ መዝለያን ቁልቁል ሲወርድ ወደ ሸዋረጋ ጠጋ አለች።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን ለሰው አያውሩብኝ።»

«ንገሪኝ።»

«ዕጣ ስናወጣ ቁጥር አራት ከደረስዎት አይድከሙ። ላፕቶፕ ነው፤ ያ እርስዎ የሚወዱት ሊኑክስ ያለበት። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ሦስቱም አይሠሩም። ‹ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ መለወጥ አለበት› ብሎ የጻፈ ያልፋል። እህቴ ለይላ በሱ ነው ያለፈችው። ከሷ በፊት የነበሩትም እንደዚያው።»

«መቃጠሉን ማን አየው?»

«መዛኙ ነዋ የሚለው!»

«ከፍቶ አይቶታል ወይ?»

ቢልቂስ ሳቀች። «ወላሂ፣ እርስዎ ደግሞ! ሰው አቋራጭ ሲያሳዩት ይሄዳል እንጂ አቋራጩን ማን ጠረገው ብሎ ይጠይቃል?»

ሸዋረጋ በመስኮቱ ቁልቁል ታይ ነበር።

ማዕከሉ ሲደርሱ ተመዛኞቹ ስድስት ነበሩ። መዛኙ ወንድምአገኘሁ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ፊቱ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። ስልክና ቦርሳ አስረክበው ገቡ። በአንዲት የጣሳ ቆብ ውስጥ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ቀረቡ። ሸዋረጋ አንዱን አንስታ ፈታችው።

አራት ይላል።

ቢልቂስ ከማዶ አይታት በደስታ ፊቷን ልትሸፍን ምንም አልቀራት። ወንድምአገኘሁም ቁጥሩን አይቶ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ጥሩ ዕጣ ነው የወጣልዎት። ቶሎ ጨርሰው በጊዜ ቤትዎ ይገባሉ።»

ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ፣ ማውስ፣ ፍላሽ፣ የዕቃ ሳጥንና አንድ ወረቀት አሉ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አይሠሩም፤ የችግሩን ምክንያት ለይ፤ የሚቻል ከሆነ አስተካክለህ ፍላሹ ላይ ያለውን ሰነድ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጥ፤ የማይቻል ከሆነ ምክንያቱን ጻፍ። ጊዜው ሁለት ሰዓት ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት።

ሸዋረጋ ብዕሩን ያዘች። እውነቱን ለመናገር አመንትታለች። አንድ መስመር ተኩል መጻፍ ነው። የሁለት ዓመት ልፋት፣ የጸጋው አፍ፣ የመዝጋቢው ዓይን፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተኩል ያበቃል። «ማዘርቦርዱ» ብላ ልትጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ነካ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠችው። ስሟን ከታች ልትጽፍበት ነው፤ ያላየችውን አየሁ ብላ ስሟን መጻፍ አልሆነላትም።

ላፕቶፑን አበራችው። ማውሱን በመጀመሪያው ቀዳዳ ሰካችና ገልብጣ ሆዱን አየች። ማውስ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ከሥሩ ቀይ መብራት ይበራል። አልበራም። በሁለተኛው ሰካችው፤ የለም። በሦስተኛውም የለም። ብድግ ብላ ማውሱን ይዛ ወደ ቢልቂስ ጠረጴዛ አመራች።

«ከቦታዎ አይነሱ!» አለ ወንድምአገኘሁ።

«ማውሱን በሌላ ኮምፒውተር ልሞክረው ነው።»

«አይቻልም። በተሰጥዎት ዕቃ ብቻ ነው የሚሠሩት።»

«ማውሱ ይሠራ አይሠራ ሳላውቅ ቀዳዳውን በምን እወነጅለዋለሁ?»

ወንድምአገኘሁ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ራስዎን ለምን ያስቸግራሉ? ማሽኑ የታወቀ ነው። ይጻፉና ይሂዱ።»

«የታወቀ ከሆነ ለምን ለምዘና ቀረበ?»

ፊቱ ቀላ። «አስተባባሪው ካልፈቀደ አልፈቅድም» አለና ወጣ። አስተባባሪው አቶ ሸረፈዲን እስኪመጡ ሸዋረጋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ከወረቀቷ ጥግ ላይ «ማውስ ለመፈተሽ ፈቃድ መጠበቅ የጀመርኩት ሦስት ከሃያ» ብላ ጻፈች። ፀጉራቸው የሸበተው፣ ቀስ ብለው የሚራመዱት አቶ ሸረፈዲን መጥተው ነገሩን ሰምተው፣ «ትሞክር እንጂ፤ ምን ችግር አለው?» ሲሉ ደግሞ ሰዓቱን አይታ «ሦስት ከሠላሳ ስድስት» ብላ ጨመረችበት።

በቢልቂስ ኮምፒውተር ማውሱ ቀይ መብራቱን ወዲያው አበራ። እንግዲያው ማውሱ ጤነኛ ነው።

ተመልሳ ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። የተሰኩ ዕቃዎችን ዘርዝር ብላ አዘዘችው፤ ከውጭ የተሰካ ምንም ነገር አላሳየም። ከዚያ የማሽኑን ማስታወሻ እንዲያወጣላት አዘዘች። መስመሮቹ እንደ ጎርፍ ወረዱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። የሸዋረጋ እንግሊዝኛ ለወሬ አይሆንም፤ እነዚህን መስመሮች ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስታነባቸው ኖራለች። በጣቷ እየተከተለች ከላይ ወደ ታች ወረደች። የድምፁ ነው፤ የስክሪኑ ነው፤ የባትሪው ነው። አንዱ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ማሽኑ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ በሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ከመጠን ያለፈ ከረንት። ከሥሩ ደግሞ እንደገና፣ ያንኑ። ከሥሩ ደግሞ። ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ቀዳዳዎቹን የሚያዘው ክፍል ሥራ ማቆሙን።

ሸዋረጋ ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች።

ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽመና ማሽን ላይ፣ በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ የተንጠለጠለች ቀጭን ብረት አለች። ክሩ ሲበጠስ ብረቷ ትወድቃለች፤ ማሽኑም ወዲያው ቀጥ ይላል። አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ ጊዜ ደንግጦ «ማሽኑ ሞተ!» እያለ ወደ መካኒክ ይሮጣል። ማሽኑ ግን አልሞተም። አንድ ክር ተበጥሶበት፣ ጨርቁ እንዳይበላሽ ራሱን አቁሞ ነው። የሸማኔው ሥራ ከሺህዎቹ ክሮች መካከል የተበጠሰችውን ፈልጎ መቋጠር ነው። ሃያ ዓመት ያንን ሠርታለች።

«እዚህ ደግሞ ሦስት ቀዳዳ ብቻ» አለች ለራሷ፣ ሳቅ እያለች።

ላፕቶፑን አጠፋችው። የቻርጀሩን ገመድ ነቀለች፤ ገልብጣ ባትሪውን አወጣች፤ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ እንዲያልቅ ማብሪያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭና ያዘች። ከሳጥኑ ውስጥ ትንሿን የእጅ ባትሪ አንስታ ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ አበራች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለች።

ቀዳዳው ውስጥ ጥቁር የፕላስቲክ ምላስ አለ፤ ምላሱ ላይ አራት ቀጫጭን የመዳብ ሰንበሮች ተደርድረዋል። ሦስቱ ተኝተዋል። ዳር ያለችው ግን ተነቅላ ወደ ላይ ተቆልምማለች፤ ጫፏ የቀዳዳውን የብረት ግድግዳ ነክቷል። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ፍላሽ ገልብጦ በጉልበት ከትቶ ነው። ኤሌክትሪኩን የምታመጣው እሷው ናት፤ ግድግዳውን ስትነካ ከረንቱ ያለ ልክ ይፈሳል፤ ማሽኑም እንዳይቃጠል ሦስቱንም ይዘጋል። ቢበራና ቢጠፋ ያው ነው፤ ሰንበሯ እዚያው አለችና።

እንዳይቃጠል ብሎ የዘጋውን ነው እንግዲህ ተቃጠለ ሲሉት የከረሙት። ሸዋረጋን ከሁሉ ያናደዳት ይህ ነበር።

ከሳጥኑ ቀጭን የፕላስቲክ መፈልቀቂያ አንስታ ሰንበሯን ወደ ቦታዋ ገፋቻት። ተኛች፤ ስትለቃት ግን ተመልሳ ብድግ አለች። እንደገና ገፋቻት፤ እንደገና ተነሳች። በሦስተኛው ከናስትሮ ላይ እንደ ጥፍር የቀጠነች ቁራጭ ቆርጣ በሰንበሯና በብረቱ መካከል አስገባች። ቀዳዳው ከእንግዲህ አይሠራም፤ ሌሎቹን ግን አያስርም። አፉን በናስትሮ አሸገችና ላዩ ላይ «አይጠቀሙ» ብላ ጻፈች። ባትሪውን መለሰች፤ ማብሪያውን ተጫነች።

ማሽኑ ገና እየተነሳ ሳለ ወንድምአገኘሁ እጁን አጨበጨበ። «አምስት ሰዓት! ጊዜው አልቋል፤ ሁላችሁም እጃችሁን ከዕቃው ላይ አንሱ!»

አምስቱ ተነሱ። ሸዋረጋ አልተነሳችም።

«እናቴ፣ አልቋል እኮ።»

«አሥራ ስድስት ደቂቃ አለኝ። ፈቃድ ስጠብቅ ያቃጠልኩት ነው፤ እዚህ ተጽፏል።»

«መመሪያው ሁለት ሰዓት ነው የሚለው። ስለ መጠበቅ የሚለው ነገር የለም።» እጁን ዘርግቶ የላፕቶፑን ክዳን ሊዘጋ ሲል ሸዋረጋ መዳፏን ከቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ክዳኑ ሊዘጋ አልቻለም።

«ከከደንከው» አለች፣ እስከዚያ ድረስ ያላወጣችውን ድምፅ አውጥታ፣ «ከከደንከው አንተ ነህ ያስቆምከኝ ብዬ እጽፋለሁ። በእጄ ላይ ክደነው።»

አልከደነውም። ሸዋረጋ በግራ እጇ ማውሱን አንስታ በመጀመሪያው ቀዳዳ ሰካችው። ከሥሩ ቀይ መብራት በራ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ተንቀሳቀሰች። ፍላሹን በሦስተኛው ሰካችው፤ ማሽኑ አወቀው፤ ሰነዱን ገለበጠች፤ ከፍታም አሳየችው፤ ከወረቀቷም ላይ «የተቆለመመች ሰንበር የቀዳዳውን ግድግዳ ነክታ» ብላ ምክንያቱን ጻፈች። አምስት ሰዓት ከዘጠኝ ነበር።

በር ላይ ቆማ የነበረችው ቢልቂስ «አላሁ አክበር» አለች፣ ሳታስበው።

ወንድምአገኘሁ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ አየ። «አጋጣሚ ነው» አለ። «ነገ ተመልሶ ይጠፋል።»

«ነገ ከጠፋ ነገ ጥሩኝ።»

ቁጭ ብሎ የውጤት ቅጹን ሞላና ወደ እሷ ገፋው። ገና ብቁ አይደለችም ይላል። ምክንያት አንድ፦ ከተሰጠው ጊዜ አሳልፋለች። ምክንያት ሁለት፦ የሰጠችው ምክንያት ከመልስ ቁልፉ ጋር አይገናኝም።

«የመልስ ቁልፉ ምን ይላል?»

«የማዘርቦርድ ብልሽት።»

«ማሽኑ እኮ ፊትህ እየሠራ ነው!»

«እኔ የምሞላው በመልስ ቁልፉ ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«አልፈርምም።»

«ካልፈረሙ ጉዳዩ አይዘጋም።»

«እንግዲያው አይዘጋ» አለችና ወንበሯን ወደ ግድግዳው ስባ ተቀመጠች።

አቶ ሸረፈዲን ለጁምዓ ወጥተው ነበር። ወንድምአገኘሁ ወረቀቶቹን ሰበሰበ፤ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ፤ ደግሞ ወጣ። ሸዋረጋ ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም። ቢልቂስ አልፋለች፤ ግን ወደ ደሴ አልሄደችም። ሁለት ሳምቡሳ ገዝታ መጣችና አንዱን ለሸዋረጋ ሰጠቻት፤ ከጎኗም ተቀመጠች።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ አይናደዱብኝ። ከስድስት ወር በኋላ ይደግሙታል እኮ። ፈርመው ቢሄዱ ምናለ?»

«እኔ የምደግመው ስሳሳት ነው።»

ቢልቂስ ሳምቡሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላም፣ «ለይላ ይሄን ስትሰማ ምን ልትል ነው? የሷ ወረቀት ሐሰት ሆነ ማለት ነው?» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለይላ ምን አጠፋች? ተቃጥሏል ብለው ነገሯት፤ ጻፈች። ጥፋቱ የነገራት ሰው ነው። አብሽሪ፣ ሳምቡሳሽን ብዪ።»

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ሸረፈዲን ተመለሱ። የሁለቱንም ቃል ቆመው ሰሙ። ከዚያ ከኪሳቸው የራሳቸውን ፍላሽ አውጥተው በመጀመሪያው ቀዳዳ ሰኩት፤ ሠራ። በሦስተኛው ሰኩት፤ ሠራ። በናስትሮ የታሸገውን ቀዳዳ በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ ወንድምአገኘሁ ዞሩ።

«አንተ ከፍተህ አይተኸው ነበር?»

ወንድምአገኘሁ መሬት መሬት አየ። «እኔ ስመጣም ተቃጥሏል ተብሎ ነበር። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ነው ያስረከበኝ።»

«ባለፈው ወር ከአገልግሎት ይውጣ ብለህ ጥያቄ የፈረምክበት ይሄ ነው?»

ሸዋረጋ በዚያች ደቂቃ ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ ግን አላላትም። የሰውየው ጆሮ እስከ ጫፉ ቀልቶ ስታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

አቶ ሸረፈዲን ተነፈሱ። «እህቴ፣ ሥራሽን አይቻለሁ። ግን መዛኝ የሞላውን ውጤት እኔ መሰረዝ አልችልም፤ ሥልጣኑ የለኝም። በአምስት ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ትችያለሽ።»

«አምስት ቀን ምን ያደርግልኛል? ወረቀት ይስጡኝ።»

እዚያው ተቀምጣ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ማሽኑ በማስታወሻው ያለውን፣ በእጅ ባትሪ ያየችውን፣ ያደረገችውን፣ አሥራ ስድስት ደቂቃው እንዴት እንደጠፋ። ልመና የሚመስል አንድ ቃል አላስገባችም። አቶ ሸረፈዲን ማኅተም አድርገውበት ወረቀቱን ተቀበሏት። የውጤት ቅጹን ሳትፈርም ወጣች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። በሌላ መዛኝ እንድትመዘን ተወስኗል ይላል። ጸጋው አንብቦላት በደስታ ጭኑን መታ፤ «ይኸው! አሸነፍሽ!»

«የታለ ያሸነፍኩት? የመጀመሪያው ስህተት ነበር የሚል አየህበት?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የሰጡሽን አትቀበይም?»

«የሰጡኝን እቀበላለሁ። የወሰዱብኝንም እጠይቃለሁ።»

ሄደች። ሁለተኛዋ መዛኝ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ነበረች። በዕጣ ወረቀት የሚውጥ ፕሪንተር ደረሳት። ሸዋረጋ ከመጀመሯ በፊት ከመልስ ወረቀቷ ራስ ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ይህን ምዘና የምወስደው የመጀመሪያውን ውጤት ተቀብዬው አይደለም።» መዛኟ አንብባው ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ፕሪንተሩ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ወረቀት መሳብ ጀመረ። ብቁ ናት ተባለ። በዚያው ዕለት ወደ ክልሉ ቢሮ የሚሄድ ሌላ ደብዳቤ ጽፋ ለአቶ ሸረፈዲን ሰጠች፤ የመጀመሪያው ውጤት ይሰረዝልኝ የሚል።

ወደ ደሴ የሚመለሰው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው ወንድምአገኘሁ ገባ። ክፍት የነበረው ወንበር የሷ ጎን ብቻ ነበር። ቆሞ አመነታ፤ ረዳቱ «ግባ እንጂ ወንድሜ!» ሲለው ተቀመጠ። መኪናው ዳገቱን ጀመረ። 

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ፊት እያየ። «የተበላሸው አንዱ ቀዳዳ ነው። ሁለቱን ምን ገደላቸው?»

ሸዋረጋ ዞራ አየችው። የሚያሾፍ አይመስልም። የሚያሳፍረውን ጥያቄ ለመጠየቅ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ሲያምጥ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው።

«መጀመሪያ አንተ ንገረኝ። ስንት ሰው ነው ተቃጥሏል ብሎ የጻፈልህ?»

መኪናው ሁለት ጠመዝማዛ ዞረ።

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አራቱም አለፉ።»

«አለፉ።»

«አሥራ አራት ጠጋኝ ማለት ነው፤ ቀዳዳ አልሠራ ሲል ሰው ላፕቶፑን እንዲጥል የሚመክር።» ከዚያ ነገረችው። ስለ ሰንበሯ፣ ስለ ከረንቱ፣ ቀዳዳዎቹ በአንድ ክፍል እንደሚታዘዙ፣ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ሁሉንም እንደሚዘጋ፣ ማስታወሻው ላይ የትኛውን መስመር መፈለግ እንዳለበት። አላለሰለሰችውም፤ አላንቋሸሸችውም። እሱም ሁለት ጊዜ አቋርጦ ጠየቃት፤ ጥያቄዎቹ ደግሞ የሞኝ አልነበሩም።

ደሴ መግቢያ ላይ ሲደርሱ፣ «ለክልል እንደጻፉ ሰምቻለሁ» አላት። «ካለፉ ወዲያ ምን ያደርግልዎታል?»

«ብቁ አይደለችም የሚል ወረቀት ስሜን ይዞ አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስህተት ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው እስካገኝ ድረስ እጽፋለሁ።»

ወንድምአገኘሁ ጉልበቱን በመዳፉ አሸ። «እኔ ብጽፈውስ?»

«ጻፈው።»

«በሥራዬ ላይ መዘዝ ሊያመጣብኝ ይችላል።»

«ሊያመጣ ይችላል» አለች። «ጻፈው።»

ጻፈው። ሳምንት ሳይሞላ ግልባጩ በአቶ ሸረፈዲን በኩል ደረሳት፤ ከወር በኋላም የመጀመሪያው ውጤት ተሰረዘ። ቁጥር አራት ከምዘናው ወጥቶ የመዝገብ ክፍሉ ጸሐፊ እየሠራችበት ነው። ወንድምአገኘሁ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ከሥራው ግን አልተነሣም። የጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። «በመልስ ቁልፉ ላይ የተቀመጠው የብልሽት ምክንያት ትክክል አልነበረም፤ የተመዛኟ ግን ትክክል ነበር» ይላል። ሸዋረጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስሟ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታለች። በቀይ ብዕር አረመችውና ከምስክር ወረቀቷ ጋር አስቀመጠችው።